ብረት የዋጠው ጥድ

«ማን አውርጂ አለሽ?» አለ ላቀው። ይህን ሲጠይቅ ሦስተኛ ጊዜው ነበር።

«እናቴ ናታ። ማን ይበለኝ?»

«እምቢ አይባልም?»

«የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንተ ሰው። አንተ ጡት ትጠባ ነበር። እምቢ ብዬ ዛፍ ላይ ልደር?»

ይታክቱ ይህን ያለችው ምስር እየለቀመች ነው። ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቤቱ መካከል ቆሟል፤ በበሩ በኩል ግቢው ውስጥ ያለውን ጥድ ያያል። ጠቡ ጧት ሲጀመር በውሃ በርሜል ክዳን ነበር። ረፋዱ ላይ ወደ ሟች እናታቸው ዞረ፤ ከምሳ በኋላ ብረቱ ላይ ደረሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በምንም ቢጀመር የሚያልቀው ብረቱ ላይ ነው። እሷ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሱ ስልሳ። ባሏ ከሞተ፣ ሚስቱም ትታው ከሄደች ወዲህ በወላጆቻቸው ቤት አብረው ይኖራሉ።

«ረስተሽው ብትቀሪ ኖሮ» አለ ላቀው፣ «ዛሬ ማንም አይነካንም ነበር።»

«ብረት የረሱ እንዳይሉን ብላ ነው።»

«ይበሉን ነበራ። ምን ይጎድልብን ነበር?»

አምባ ጥድ ውስጥ መሬት በበሬ ይታረስ በነበረበት ጊዜ አንድ ልማድ ነበር። አባወራ ሲሞት ማረሻው ከእርፉ ይፈታና ደጅ ካለ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ይሰነቀራል። አንድ ዓመት ማንም አያርስበትም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ የመጀመሪያው ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ወጥቶ ያወርደዋል፤ እናትየዋም በቅቤ አሽታ ለሚቀጥለው አራሽ ትሰጠዋለች። ከዓመት በላይ ዛፍ ላይ የቆየ ብረት ሟቹን ደጅ አቁሞ እንደመተው ይቆጠር ነበር። እንዲህ ያደረገ ቤት «ብረት የረሱ» ይባላል፤ ልጅ ለመዳር እንኳ ሰው ሁለቴ ያስባል። በመንደሩ ብረት የረሱት ቤቶች አምስት ነበሩ። አሁን አገር እንደማይለቁ እርግጠኛ የሆኑት እነዚያ አምስቱ ናቸው።

አዲሱ የመንግሥት ደንብ ቀላል ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ጀምሮ በቦታው መኖሩን ያረጋገጠ ቤተሰብ ደጋ ላይ ይቀራል። ያላረጋገጠ ቆላ ወዳለው የፎቅ መኖሪያ ይወርዳል፤ መሬቱ ለደን ይሆናል። መኖሪያው መጥፎ አይደለም ይባላል። ውሃ አለ፣ ሐኪም አለ፣ መስኮቶቹ አይከፈቱም። የወረዱ ሰዎች ደህና ነን ለማለት ይደውላሉ፤ ነገር ግን የደዋዩን ማንነት በድምፁ ማወቅ ከቀረ ቆይቷልና የሚያነሳላቸው የለም። መርዶም ቢሆን እንደ ጥንቱ በእግሩ የመጣ ሰው ቆሞ ካልተናገረው አይለቀስለትም።

ይታክቱ አረንጓዴውን የመሬት ደብተር ይዛ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ነበር። የእናቷ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብተር ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ በአክብሮት ተቀብላ አየችውና ከመሳቢያዋ ሌሎች ሁለት ደብተሮች አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የሦስቱም መሬት አንድ ነው። በሦስቱም ላይ ያለችው እናቷ ናት። በአንዱ ላይ እናቷ ትስቃለች። ይታክቱ እናቷ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አይታ አታውቅም፤ ያንን ደብተር ከራሷ ደብተር ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው። ሠራተኛዋ «እውነተኛው የትኛው እንደሆነ እኛም አናውቅም፣ እማማ» ብላ ሦስቱንም መሳቢያው ውስጥ ከተተቻቸው።

ማሽኖች ሁሉን አስመስለው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ወረቀት ተቀባይነት ያጣው ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ የቀረው የምስክር ቃል ነበር፤ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ድምፅ። ደም የማን ልጅ እንደሆኑ ይናገራል እንጂ የት እንደኖሩ አይናገርም። በመጨረሻ የተረፈው ዛፍ ሆነ። ዛፍን ማስቸኮል አይቻልም። ሰው የሰቀለው፣ የቸነከረው ወይም ያሰረው ብረት ላይ ስልሳ የእንጨት ቀለበት ካደገበት፣ ከስልሳ ዓመት በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ነበር ማለት ነው። መሣሪያ ይዘው የሚዞሩትን መርማሪዎች ሕዝቡ «ዛፍ ጠያቂዎች» ይላቸዋል። አምባ ጥድ የሚደርሱት ከነገ ወዲያ ነው።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የመንደሩ ሰው ሥራ ዛፍ መፈተሽ ሆኗል። ወንዶቹ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የፈቱትን ማግኔት በገመድ አስረው ከግንድ ግንድ ይጎትታሉ። አሮጊቶች ጆሯቸውን ቅርፊት ላይ ለጥፈው፣ ልጆቻቸው በመጥረቢያ ጀርባ ሲመቱ ያዳምጣሉ። አንድ ሰው የልብስ ማስጫ ሽቦ አገኘ። ሽቦው በአንድ በኩል ወይራው ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ወጥቷል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሽቦውን እየሳመ አለቀሰ። ሌላው ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር አገኘ። የትምህርት ቤቱ ደወል የነበረው የመኪና ቸርኬ ዋንዛ ውስጥ እስከ ግማሹ ተቀብሮ ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሰው የሚያድርበት ቦታ ስላልሆነ ማንንም አያስቀምጥም ተባለ። መሬታቸውን ሁሉ ባሕር ዛፍ ተክለው በየሰባት ዓመቱ ሲቆርጡ የኖሩት ደግሞ የሚፈትሹት ዛፍ እንኳ አልነበራቸውም። እነሱ ዕቃቸውን ቀድመው አሰሩ።

ጎረቤታቸው አያ ዘለቀ ሁለት ብረት አለው። አያቱን የረሱት አባቱ ናቸው፤ አባቱን የረሳው እሱ ራሱ ነው። የአባቱ ሙት ዓመት የዋለው ሰው ወደ ገደል በሸሸበት ክፉ ዓመት ነበርና ያን ጊዜ ዘለቀ መንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ ሲመለስም ብረቱን ለማውረድ እጁ አልታዘዘለትም ይባላል። በዚህ ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ ሲታማ ኖሯል። አሁን ሲያሙት የነበሩት ሴቶች እየመጡ ዛፉን ይዳስሱለታል። እሱም በር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ ግቡም ሂዱም አይላቸውም።

ላቀው ግን ስምንት ቀን አልተኛም። ምግብ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል። ቤት ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ መዋል ጀምሯል፤ የሆነ ሰው ስሙን ጠርቶ ውጣ የሚለው ይመስል። ከገበያው ከተማ አልፎ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት በየት ነው የሚያወርዱት?» ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚሁ ሞታ እናቷ አጠገብ መቀበር። እሱ የሚፈልገው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ እሱ እዚህ መኖር ነው የሚፈልገው።

አሁን ምስሩን አስቀመጠች። ላቀው አሁንም ጥዱን እያየ ስለ ብረቱ ይናገራል። ድምፁ ቀጥኗል። ከንፈሩ ጥግ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ሲዞር ኮሌታው አይዞርም።

«ወገሉን አላወረድኩትም» አለች።

ላቀው ዞረ። «ምን?»

«ወገሉን። ማረሻውን ብቻ ነው ያወረድኩት። ወገሉ እንጨቱ መካከል ተጣብቆ እምቢ አለኝ፤ በድንጋይ መትቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ለእማዬ ወድቆ ጠፋ አልኳት።»

ወገል ማረሻውን ከእርፉ ጋር የሚያስረው የብረት ቀለበት ነው። ላቀው በሬ የጠመደ ሰው አይቶ ባያውቅም ቃሉን ያውቀዋል። እየቀረበ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ብረት የረሳሁ ልባል ነው?»

ላቀው ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆየና ሳቁ ሲያልቅ እጇን ይዞ ሳመው።

ውሸት ነበር። ይታክቱ ያን ቀን ማረሻውንም ወገሉንም በአንድ ላይ ነው ያወረደችው። እናቷ ሁለቱንም በቅቤ አሽታ አስቀመጠቻቸው። ማረሻው ኋላ ለአጎታቸው ሲሰጥ ወገሉ ቤት ቀረ፤ የግቢው በር መያዣ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ በዝገት አለቀ። ላቀው ራሱ በልጅነቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ በቀን አሥር ጊዜ ይከፍተውና ይዘጋው ነበር።

ያን ምሽት ላቀው ጫማውን አወለቀ። ገና ራቱ ሳይነሳ ተኛ። በማግሥቱ ፀሐይ ከፍ እስክትል አልነቃም፤ ሲነቃም የትናንቱን ሽሮ እስከ መጨረሻው ጠርጎ በላና ወጣ።

እስከ ቀትር ድረስ ወሬውን ያልሰማ ቤት አልነበረም። የአያ ዘለቀ ሚስት አስረበብ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ይታክቱ፣ እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣሽ» አለቻት። «ስልሳ ዓመት ስትጸየፊን ለካ አባል ነበርሽ። መዋጮሽን መቼ ነው የምታመጪው?» ይታክቱ ሳቀች። ሌሎችም መጥተው አሾፉባት። ማንም አልተቆጣም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ነበር የሚያሾፉት። ከአስረበብ በቀር የእናቷን ዘመን የደረሱት ሽማግሌዎች ጥዱን አየት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ ይሄዱ እንደነበር ያስተዋለችው ኋላ ነው።

ላቀው ከሰዓት በኋላ መደብ ሲቆፍር ዋለ። ነጭ ሽንኩርት ሊተክል ነው። ይታክቱ ሁለት ጊዜ እውነቱን ልትነግረው ወደ እሱ ሄደች። አንደኛው ጊዜ ያዘነ መስሏት ስትቀርብ ያፏጫል። ሁለተኛው ጊዜ ቀና ብሎ «እታለም፣ ዘሩን ከማን እናምጣ?» አላት። ከማን እንደሚሻል ነግራው ተመለሰች። መርማሪዎቹ ሲመጡና ምንም ሲያጡ ዛፉ በልቶታል ይላል፣ መሣሪያቸው ተበላሽቷል ይላል፣ ቢያንስ እኔን አይልም ብላ አሰበች። ሁለት ቀን መተኛትም አንድ ነገር ነው።

የመጣችው አንዲት መርማሪ ብቻ ነበረች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሶልያና የምትባል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ናት። ዕቃዋን የተሸከመላት አራት እግር ያለው ማሽን ከኋላዋ ኮረብታውን እንደ ፍየል ይወጣል፤ ልጆችን እንዳይረግጥ ሲጮህባቸው ድምፁ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ነው። ሶልያና አሮጊቶቹን እማማ፣ ሽማግሌዎቹን አባባ እያለች እየጎነበሰች ሰላም አለች። የተሰጣትን ውሃ ቆማ ጠጣች። ቤት ግን አልገባችም፤ መመሪያው አይፈቅድም።

መሣሪያዋ የወንፊት ክፈፍ የሚመስል ቀለበት ነው። ተከፍቶ ግንዱን ያቅፍና ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። አጠገቡ ሰው ሲናገር መብራቱ ይጠፋና ይቆማል፤ የሰው ቃል እንዳይሰማ ሆኖ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሕዝቡ ዛፍ በተጠየቀ ቁጥር ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። እስከ ረፋዱ ድረስ የሰባት ቤት ዛፎች ተጠየቁ። የልብስ ማስጫ ሽቦው አርባ ሁለት ቀለበት ብቻ ሆኖ ቀረ። ጓጉንቸሩ አለፈ።

ከዚያ የእነ ይታክቱ ጥድ ደረሰ።

ላቀው የተተኮሰ ነጠላ ለብሶ ከዛፉ አጠገብ ቆሟል። ቀለበቱ ግንዱን አቅፎ ከሥሩ ተነሣ። ይታክቱ የምታየው ዛፉን ሳይሆን የወንድሟን ፊት ነበር፤ እንዴት እንደሚለወጥ አስቀድማ ለመልመድ። ቀለበቱ ከሰው ወገብ በላይ እንደደረሰ ድምፅ ሰጠ። ትንሽ ከፍ አለና እንደገና ሰጠ። ከዚያ ደጋገመ።

ላቀው ክንዷን ጨብጦ ያዛት። ሶልያና በእጇ ያለውን ማሳያ አይታ «ሰባት ቦታ ነው» አለች።

«ተሰባብሮ ነው» አለ ላቀው። «በድንጋይ ስለመታችው ተሰባብሮ ነው።»

ይታክቱ ለአንድ አፍታ የራሷን ውሸት አመነችው። ሰባ አንድ ዓመት ብዙ ነው፤ ምናልባት እውነትም ወገሉን ትታው ይሆናል፤ በሩ ላይ የነበረው ሌላ ይሆናል፤ ሰው ስንት ነገር ይረሳል። በልጅነቷ ዛፉን ስትወጣ ግንዱን ያቀፈችበትን ቦታ ለማስታወስ ሞከረች። ያስታወሰችው እበት ነው። ግንዱ ከመካከሉ ጀምሮ ወፍራም እበት ተለስኖ ነበር፤ እናቷ ትል ገብቶበት ነው ብላት ነበር።

ሶልያና ቀጭን መሰርሰሪያ አውጥታ ቅርፊቱን በሳችና የእርሳስ ያህል ቀጭን እንጨት መዘዘች። በማጉያ መነጽር እያየች በጥፍሯ ጫፍ ቆጠረች። ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ስልሳ አንድ» አለች።

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ላቀው ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። መርማሪዋ ግን አልጨረሰችም፤ የብረቱን መልክ ማውጣት ቀርቷታል። ከማሽኑ ጀርባ ላይ ነጭ ሰሌዳ አንሥታ ቆመች። ሰሌዳው ላይ ሰባት ትናንሽ ነገሮች ታዩ፤ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጫፍ ያህላሉ፤ ሁሉም ሹል ጫፋቸው ወደ ውስጥ ነው። ሁለት መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ውስጥ ተሰብስበዋል። ሶልያና ቁመታቸውን ለካች። ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ።

እልልታው የተቋረጠው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ዝም ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከዚያ ዝምታው ወደ ልጆቻቸው ሄደ። አስረበብ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ጥይት ነው» አለች ሶልያና። ላቀው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ ሲያያት ጊዜ ወስዳ አስረዳችው። በመመሪያው ጥይት የመኖር ማስረጃ አይደለም። የማለፍ ማስረጃ ነው። የተኮሱት ሰዎች እዚህ አልኖሩም፤ አልፈው ነው የሄዱት። ብረቱም የእነሱ ነው።

«ማን ላይ ነው የተተኮሰው?» አለ ላቀው።

«ዛፉ ላይ» አለች። ጭካኔ አልነበረበትም፤ ማየት የምትችለው ዛፉን ብቻ ነበር።

ይታክቱ የመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አባታቸው ደርበው በበሽታ ነው የሞተው። እናታቸው እንዲህ ነው ያለችው፤ መንደሩም እንዲህ ነው ያለው። እሷ ያን ሳምንት አክስቷ ቤት ነበረች፤ ስትመለስ ተቀብሮ ነበር። እናቷ ደጃፉ ላይ ትልቅ ወይራ እያለላት ብረቱን ግቢው ጥግ ያለው ጥድ ላይ ለምን እንደሰቀለችው ጠይቃ አታውቅም።

አያ ዘለቀ ከሰዎቹ መካከል ወጣ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትታል። ወደ መርማሪዋ ሳይሆን ወደ ላቀው ነበር የሚያየው።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርኩ። ደርበው በሬዎቹን ሊጠምድ ሲወጣ ነው የያዙት። እዚህ ነው ያቆሙት።»

«እናንተ በሽታ ነው ነው ያላችሁኝ» አለ ላቀው።

«አዎ። ሁላችንም።»

የቀረውን ዘለቀ ቆም እያለ ተናገረ። ታጣቂዎቹ የማን ወገን እንደነበሩ ያን ጊዜም አከራካሪ ነበር። ውሃ ጠይቀው ጠጥተው፣ ይህን አድርገው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ገደሉ ሸሽቶ ስምንት ወር ቆየ። የደርበው ሚስት ባሏን ያን ቀን ከሰዓት ቀበረች፤ በማግሥቱ የሽማግሌዎቹን ቤት አንድ በአንድ ዞራ እግራቸው ላይ ወደቀች። እርጉዝ ነበረች። የተረገዘው ወንድ ከሆነ ደም መላሽ ሆኖ እንዳያድግብኝ፣ በበሽታ ሞተ በሉልኝ አለች። ገዳዮቹ ተመልሰው የሚታዩ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ደም መላሽ ገዳዩን ካጣ ሌላ ሰው አያጣም ነበር። ሽማግሌዎቹ ቃል ገቡ። ሲሞቱም ለልጆቻቸው ቃሉን እያወረሱ ሞቱ።

ሶልያና እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። የመሣሪያው መብራት ጠፍቶ ነበር።

«ይጻፍልን» አለ ላቀው። «የተገደለው እዚህ ይኖር የነበረ ሰው ነው። በሬውን ሊጠምድ የወጣ ሰው መንገደኛ ነው?»

«የተነገረ ነገር መጻፍ አልችልም፣ አባቴ።»

«ታምኛለሽ ወይስ አታምኝም?»

መርማሪዋ «አምናለሁ» አለች። ከዚያ ወደ ዘለቀ ዞራ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችና ቀለበቱን ከግንዱ ላይ ፈታች። የመዘዘችውን ቀጭን እንጨት በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አድርጋ የበሳችውን ቀዳዳ በሰም ደፈነች። ዛፉ እንዳይታመም ነው። ላልተረጋገጠላቸው ሰዎች መኪናው ሐሙስ ጧት እንደሚመጣ፣ እያንዳንዱ ቤት ባለቤቱ ባለበት እንደሚታሸግ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ እንደሚፈቀድ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ይህን በዚያ ቀን ስትናገር አምስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ግን ቃላቱን አላቻኮለቻቸውም።

የሚቀጥለው ዛፍ የአያ ዘለቀ ነበር። ሰዉ መጀመሪያ ተረበሸ፤ መሄዱም መቆሙም ነውር ሆነበት። በመጨረሻ አንድ ሁለት እያለ ከመርማሪዋ ኋላ ሄደ። ዘለቀም ሚስቱ እጁን ይዛ ስለሳበችው ሄደ። እዚያ ያለው ብረት የታወቀ ነው፤ ከዚህ መንደር እርግጠኛ የሆነ መልካም ነገር ለማየት የቀረው ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

ላቀው ግንዱ ላይ መዳፉን አሳርፎ ቆሟል። ይታክቱ ከመደቡ ጠርዝ ሆና ታየዋለች። ቅርፊቱ ገጥሟል፤ ምንም አይታይበትም። ልጅ ሆኖ ጀርባውን የሚያስደግፈው እዚሁ ቦታ ላይ ነበር፤ ሲጎረምስ ቁመቱን ይለካበት ነበር።

«ወገሉስ?» አለ ሳይዞር።

«የለም። በሩ ላይ የነበረው እሱ ነው። አንተ ነህ ስትከፍተው የኖርከው።»

«ታዲያ ለምን አልሽኝ?»

«እንድትተኛ ብዬ።»

ከአያ ዘለቀ ግቢ የቀለበቱ ድምፅ ተሰማ፤ ጎላ ያለ፣ ረጅም ድምፅ ነው፤ ብረቱ ሙሉ ማረሻ ስለሆነ። ሰዉ አጉረመረመ።

«ተኝቼ ነበር» አለ ላቀው። «ሁለቱንም ቀን።»

ይታክቱ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። እሳቱ ላይ ያለውን ድስት አወረደችና እሳቱን በውሃ አጠፋችው። አንድ ቦርሳ ውስጥ ልብስ ከተተች፤ ብዙ አልፈጀባትም። ላቀው ተከትሏት ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። የምታደርገውን አየ።

«ሐሙስ ነው ያለችው» አለ።

«ሐሙስ በስም ጠርተው ያስወጡናል። ሰው ቆሞ እያየ ቤታችን ይታሸግብናል። በራሳችን እግር እንውረድ።»

«አስፋልቱ ድረስ በእግር ሁለት ሰዓት ነው።»

«እችላለሁ።»

ላቀው ጋቢውን ከማገር ላይ አውርዶ ትከሻው ላይ ጣለ። ቦርሳውን ከእጇ ተቀበላት። ይታክቱ የዶሮዎቹን ቤት በር ከፍታ፣ እንዳይዘጋባቸው ድንጋይ አስደገፈችበት። ውሃቸውን ሞላች። ቤቱን አልቆለፈችውም። ወንድሟ መደቡን ዞሮ እንጂ ረግጦ አልሄደም፤ ትናንት የተከለው ነጭ ሽንኩርት ገና አልወጣም።

የመንደሩ መንገድ በአያ ዘለቀ አጥር ሥር ያልፋል። ሰዉ ዛፉን ከብቦ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቷል። መርማሪዋ የመዘዘችውን እንጨት ከፍ አድርጋ ይዛለች። መሣሪያው ሥራውን ጨርሶ ስለነበር መናገር ተፈቅዷልና ሁሉም ከእሷ ጋር በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። ልጆችም ይቆጥራሉ። «አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት።» ዘለቀ መካከላቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሁለቱ ወንድምና እህት በአጥሩ ሥር አለፉ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አርባ ዘጠኝ ላይ አንዱ ቸኩሎ ሃምሳ አንድ አለ፤ ሌላው አይደለም አለ፤ ተሳሳቁ፤ ቁጥሩ ተደበላለቀ። መርማሪዋ ቀስ በሉ አለቻቸው። እንደገና ከአንድ ጀመሩ።